ዕድሜ ልክ ከስክሪን ጋር፦ ለማጥኛ ክፍሉ ደንብ ከመውጣቱ በፊት ጭንቅላት ላይ የሚሠራውን እንለይ

ኮዬ ማስጠኛ (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም ጎረቤቶች። ኮዬ ፈጬ፣ በአንዱ ብሎክ የጋራ ቤት ውስጥ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የማታ ማጥኛ ክፍል ሊከፈት ነው። ወደ 40 ወንበር አለ። መብራት አንዳንዴ ይጠፋል። የታተመ መማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም ስለማይደርስ አብዛኛው ልጅ መጽሐፉን የያዘው በፒዲኤፍ፣ ስልኩ ላይ ነው።

ኮሚቴው ደንብ ሊያወጣ ቁጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ስልክ በር ላይ ይቅር፤ ይህ ትውልድ ማሰብ ያቃተው በሱ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ፈተናው ራሱ ወደ ኮምፒውተር እየሄደ እኛ ልጆቹን ወደ ኋላ እንጎትት?» ይላል።

እዚህ መድረክ ላይ አስተማሪም፣ ነርስም፣ የኮምፒውተር ሰውም ስላለ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከሕፃንነት እስከ እርጅና ከስክሪን ጋር መኖር አስተሳሰብን ይለውጣል ከሚባለው ውስጥ የተጨበጠው የቱ ነው? ከዚያስ ለክፍሉ ምን ደንብ ይወጣል? «ይባላል» ይቅርና ማን፣ መቼ፣ በስንት ሰው ላይ ምን እንዳገኘ ንገሩን።

ሰፈርተኛ

የሰው ትኩረት 8 ሰከንድ ደርሶ ከወርቅማ ዓሣ አንሷል ተብሎ የለ? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሚዛን

ሰፈርተኛ፣ ያ ቁጥር አባት የለውም። ያሠራጨው ማይክሮሶፍት ካናዳ ውስጥ በ2015 ለማስታወቂያ ሰዎች ያወጣው ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱም የቀዳው ከአንድ የቁጥር ድረ ገጽ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ምንጩ ቢኬድ የሚደረስበት ጥናት የለም። ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ ያያል፤ «ትኩረት» የሚባል አንድ ቋሚ ርዝመት ያለው ነገር የለም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሌላም ወንፊት የሚያስፈልገው አለ። በ2011 ስፓሮው፣ ሊዩና ዌግነር «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንድ መረጃ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥልኛል ብለው ሲያምኑ መረጃውን ራሱን መያዝ ትተው የተቀመጠበትን ቦታ እንደሚያስታውሱ ተናገረ። ዓለም ሁሉ «ጉግል አደነዘዘን» አለ። በ2018 በታላላቅ መጽሔቶች የወጡ 21 ሙከራዎች እንደገና ሲፈተሹ 13ቱ ጸኑ፤ ካልጸኑት አንዱ ከዚሁ ወረቀት የተወሰደ ሙከራ ነበር። የወደቀው ክፍል ግን «ከባድ ጥያቄ ሲመጣ አእምሯችን መጀመሪያ ኮምፒውተርን ያስባል» የሚለው ነው። መረጃን ለመሣሪያ አሳልፎ መስጠት ለውጥ ያመጣል የሚለው ሰፊው ሐሳብ ከሌላ በኩል ማስረጃ አለው።

ለውጡም ወደ ጉዳት ብቻ አያመራም። በ2015 ስቶርምና ስቶን ሰዎችን ሁለት ፋይል አስጠኑ። የመጀመሪያውን «ሴቭ» አድርገው ያለፉት ሁለተኛውን የተሻለ ያዙ። «ሴቭ» የሚያደርገው ፕሮግራም አንዳንዴ የሚከዳ መሆኑ ሲታወቅ ግን ጥቅሙ ጠፋ። አእምሮ ሸክሙን የሚያወርደው የሚያምነው ቦታ ላይ ነው፤ ያራገፈበትን ቦታ ደግሞ ለሚቀጥለው ሥራ ያውለዋል ማለት ነው።

ስለዚህ «ይለውጣል ወይ?» ከምንል «የትኛውን ሥራ ነው አሳልፈን የሰጠነው? መቼ ነው የሰጠነው?» ብንል ወደ ደንቡ በቶሎ እንደርሳለን።

ሀሁ ከአባዶ

ሚዛን «መቼ» ያለው ላይ ልቁም፤ ለማስተማር ሥራ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ከስልክ በፊት በካልኩሌተር ተመሳሳይ ክርክር ነበር። በ1986 ሄምብሪና ዴሳርት 79 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ካልኩሌተር ከመደበኛው ትምህርት ጋር ተዳብሎ ሲሰጥ የተማሪውን መሠረታዊ የሂሳብ ችሎታ እንደማይጎዳ አገኙ። አንድ ክፍል ብቻ ከዚህ ወጣ፦ 4ኛ ክፍል። ለምን 4ኛ? ማባዛትና ረጅሙ ማካፈል ገና እየተተከለ ያለው እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው ብዬ አነበዋለሁ። ሥሩ ከመያዙ በፊት መሣሪያው ሲገባ ችሎታው አይበቅልም፤ ከያዘ በኋላ ሲገባ ጊዜ ይቆጥባል።

አሁን ለጥያቄ መልስ የሚጽፈውን ቦት፣ ቻትጂፒቲን፣ እዚያ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ባስታኒና ባልደረቦቿ ቱርክ ውስጥ ወደ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በሂሳብ ትምህርት የሠሩት ሙከራ በ2025 ታትሟል። ተማሪዎቹ ሦስት ቦታ ተከፈሉ፦ አንዱ ቡድን በመጽሐፍና በደብተር ብቻ፣ ሁለተኛው እንደልቡ በሚመልስ ቦት፣ ሦስተኛው ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ አስተማሪዎች ባዘጋጁት ቦት። በልምምዱ ወቅት ሁለተኛው ቡድን በ48 በመቶ፣ ሦስተኛው በ127 በመቶ የተሻለ ሠራ። ከዚያ ቦቱ ተወስዶ ፈተና ሲሰጥ ሁለተኛው ቡድን ምንም ቦት ካላገኘው ቡድን በ17 በመቶ አንሶ ተገኘ። ሦስተኛው ላይ ያ ጉዳት አልታየም።

ወላጅ የሚታለለው በ48ቱ ነው። የቤት ሥራው ሁሉ ትክክል፣ ደብተሩ ንጹሕ፤ ልጁ ራሱም የገባው ይመስለዋል። የተሠራው መልስ ነው፤ መልሱን ከጭንቅላት ቆፍሮ የማውጣቱ ድካም ግን ለቦቱ ተሰጥቷል። ትውስታ የሚጠነክረው ደግሞ በዚያ ድካም ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 አንድ ምንባብ ያነበቡ ተማሪዎችን ከፈሏቸው። ግማሾቹ ደግመው አነበቡት፣ ግማሾቹ ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲለካ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን 42 ለ56 ሆኖ ተገለበጠ።

ለማጥኛ ክፍሉ ይህንን በተግባር ላስቀምጥ። ተማሪው አንድ ንዑስ ርዕስ (ከ3 እስከ 5 ገጽ) ያነባል። ይዘጋል። ባዶ ወረቀት ላይ 10 ደቂቃ የቻለውን ሁሉ ይጽፋል፤ ስዕላዊ መግለጫም ይሁን ቀመር። ከዚያ ከፍቶ በሌላ ቀለም ያርማል፤ የጎደለውን ብቻ መልሶ ያነባል። በማግስቱ ለአዲስ ርዕስ ሳይቀመጥ በፊት የትናንቱን 5 ደቂቃ በባዶ ወረቀት ይሞክራል። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ልጁ ሦስት መስመር ጽፎ ሲደርቅበት ወዲያው ይከፍታል። ሲደርቅበት ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይታገል። በዚያ ሁለት ደቂቃ ምንም ባይመጣለትም ቀጥሎ የሚያየው መልስ የተሻለ ይጣበቃል።

ሰፈርተኛ

እና ቦቱ ይከልከል?

ሀሁ ከአባዶ

አልልም። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። አንድ ጥያቄ ላይ 20 ደቂቃ በወረቀት ያልደከመ ወደ ቦቱ አይሄድም፤ ሲሄድም ወረቀቱን ይዞ ነው። መጀመሪያ የሚጽፍለት ትእዛዝ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፦ «የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መልሱን አትንገረኝ። የሠራሁትን ልጻፍልህና የተሳሳትኩበትን እርምጃ ብቻ ጠቁመኝ፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቀኝ።» ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ቦቱን ፈታኝ ማድረግ ነው፦ «ከዚህ ምዕራፍ 10 ጥያቄ አውጣልኝ፣ ሳልመልስ መልሱን አታሳየኝ።» በአማርኛ ሲጠየቅ ሳይንሳዊ ቃላት ላይ እንደሚሳሳት ግን ይታወቅ፤ ለፊዚክስና ኬሚስትሪ መጽሐፉ በተጻፈበት በእንግሊዝኛው ይጠይቁት።

በነገራችን ላይ በ2025 ከማሳቹሴትስ የወጣውን፣ የአንጎል ሞገድ የለካውን ጥናት «ቻትጂፒቲ አንጎል ያበሰብሳል» እያላችሁ የምታጋሩ፦ ተሳታፊዎቹ 54 ነበሩ፣ የመጨረሻውን ዙር የጨረሱት 18፤ ሲወጣም ገና በሌሎች ባለሙያዎች ያልተገመገመ ጽሑፍ ነበር። አዘጋጆቹ ራሳቸው እንዲህ ያለ ቃል አትጠቀሙ ብለው ለምነዋል።

ገመድ አልባ

ስለ ስልኩ መቀመጫ ልግባ። በ2017 ዋርድና ባልደረቦቹ፣ ድምፁ የጠፋ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሲቀመጥ፣ ኪስ ውስጥ ሲሆንና ሌላ ክፍል ሲቀር አወዳድረው፣ ሌላ ክፍል የተዉት የተሻለ ሠሩ ብለው ነበር። ሚዛን ሳይቀድመኝ ልናገረው፦ በኋላ ሌሎች ሲደግሙት አንዳንዱ አገኘው፣ አንዳንዱ አላገኘውም፤ ሲጠቃለል ውጤቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ «ስልኩ ስላለ ብቻ አእምሮ ይመጠጣል» በሚል ደንብ አይውጣ።

ውሃ የሚያነሳው ማንቂያው ነው። ስቶታርትና ባልደረቦቹ በ2015 እንዳሳዩት፣ የስልክ ጥሪ ወይም መልእክት መድረሱን የሚነግር ድምፅ ወይም ንዝረት፣ ሰውየው ስልኩን ሳይነካው እንኳ ትኩረት በሚጠይቅ ሥራ ላይ ስሕተት ያበዛል። አእምሮ «ማን ይሆን?» ብሎ ሄዷልና። ቫይብሬት ማድረግ መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ እንጨት ጠረጴዛ ላይ የአንዱ ስልክ ሲንዘር አራቱም ይሰማሉ።

ፒዲኤፍ የሚያነብ ልጅ ስልኩን ያስገባ፣ ግን እንዲህ አድርጎ፦ መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ፣ ዳታ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ጥሪ ይገባልና። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ከሚለው ሥር «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» የሚባለውን ማብራት፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያውን ከፍቶ እሱ ላይ መቸንከር። ከዚያ መውጣት ሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ ይደረግ። ልጁ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ያውቀው። ዓላማው እጁ ሳያስበው ቴሌግራም እንዳይከፍት በመሃል አንድ ደረጃ ማስገባት ነው። ስልኩ አሮጌ ከሆነ ይህ ምርጫ ሌላ ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ሴቲንግ መፈለጊያው ላይ «ፒን» ብሎ መጻፍ ነው።

ጉባኤ ቃና

እናንተ ሁሉን ከፈረንጅ ጀመራችሁ፤ ይህ ክርክር በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ውስጥ ዘመናት ያስቆጠረ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ንባብ ቤት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይወጣል፤ ከዚያ ዳዊት ይደግማል፣ 150ውን መዝሙር። መጽሐፉ ፊቱ አለ። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ወረቀት ይቀራል። ተማሪው ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሦስት ቤት ዘአምላኪየ ይቀጥላል፣ እያለ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ቤት መምታቱን፣ ልኩን፣ ሰምና ወርቁን፣ የግእዙን ሰዋስው በአንድ ጊዜ በጭንቅላቱ ይዞ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። የተባለ ቅኔ ስለማይደገም የትናንቱን ማምጣት አይቻልም። ወረቀት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ ብራና በሚፋቅበት ግቢ ውስጥ ነው ይህ የሚሆነው። አውቀው ነው የከለከሉት። መሣሪያው የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ የለየ ሥርዓት ነበር።

ስለዚህ ለኮዬ ልጆች ምክሬ፦ በቀን አንድ ነገር በቃል ይያዙ። አእምሮ በሸመደደ ቁጥር ይሰፋል።

ሚዛን

መሪጌታ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ካወጡልኝ የቀረውን ሁሉ እፈርማለሁ። መሸምደድ የሸመደዱትን ያጠነክራል እንጂ በአጠቃላይ የማስታወሻ ቋቱን አያሰፋም። ኤሪክሰንና ቼዝ በ1980 አካባቢ አንድ ተማሪን ከ200 ሰዓት በላይ ቁጥር አስሸመደዱት። ከ7 አሐዝ ተነስቶ 79 ያህል ተከታታይ አሐዝ አንዴ ሰምቶ መድገም ቻለ። ከዚያ ፊደላት ሲሰጡት ወደ 6 ተመለሰ። ቁጥሩን የያዘው እንደ ሩጫ ሰዓት እየቧደነ ነበር፤ ሯጭ ነበርና። ያ ዘዴ ለፊደል አላገለገለውም።

የቅኔ ተማሪውም ጥንካሬው የሚመጣው ከቤቱ፣ ከልኩና ከሰዋስው እውቀቱ ነው እላለሁ። እሱን ያህል እውቀት የሌለው ሰው ስምንት ቤት በጭንቅላቱ መያዝ አይችልም። ይህ ደግሞ «ሁሉም ጉግል ላይ አለ፣ ለምን እናጥና?» ለሚሉት መልስ ነው፤ በአንድ ጊዜ ልናስባቸው የምንችላቸው አዲስ ነገሮች አራት ያህል ብቻ ናቸው፣ ኮዋን በ2001 እንዳሰላው። ስልክ ውስጥ ያለ እውቀት ሐሳብን አይቧድንልንም፤ የሚቧድነው አስቀድሞ ጭንቅላት ውስጥ የገባው ነው።

ጉባኤ ቃና

ወንድሜ ሚዛን፣ «ይሰፋል» ያልኩት ይነሳ። ይዘቱና ሥርዓቱ ነው የሚያሰፋው ብለህ ከጻፍክልኝ እስማማለሁ። የሚሸመደደውም ዝም ብሎ ቃል አይሁን፤ ነገር ያለው ይሁን።

ቱሉ ዲምቱ ተራ

ስለ መንገድ ማንም ስላላነሳ፦ በአንጎል ላይ ያለው ለውጥ በዓይን ከታየባቸው ጥቂት ጉዳዮች አንዱ እሱ ነው። የለንደን ባለታክሲዎች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን ሦስት አራት ዓመት ያጠናሉ። ማጓየርና ባልደረቦቿ በ2000፣ የቦታ ትውስታ የሚሠራበት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ የኋላው ጫፉ እነሱ ላይ ተለቅ ብሎ አገኙት። «ድሮውንም ትልቅ የነበራቸው ይሆናሉ» እንዳይባል በ2011 79 ጀማሪዎችን ከመነሻው ለኩ። 39ኙ አለፉ፤ ዕድገቱ የታየው ባለፉት ላይ ብቻ ነው። ዋጋም አለው፦ ያለፉት አዲስ የተወሳሰበ ምስል አስታውሶ በመሣል አንሰው ተገኙ።

በተቃራኒው በ2020 ዳህማኒና ቦህቦት 50 አሽከርካሪዎችን ፈትነው፣ 13ቱን ከሦስት ዓመት በኋላ መልሰው ሲያዩ፣ ጂፒኤስ ያበዙት የቦታ ትውስታቸው ይበልጥ ወርዶ ነበር። 13 ሰው ጥቂት ነው፤ ግን አቅጣጫው ከታክሲዎቹ ጋር ይገጥማል።

በእኛ ዳር ሰፈሮች ይህ የተለየ መልክ አለው። ካርታው ኮንዶሚኒየሙን በአንድ ነጥብ ያሳያል፤ በሩ ግን ሌላ ጎን ነው፣ ብሎኮቹ ተመሳሳይ ናቸው፣ ውስጥ ለውስጡ መንገድ በክረምት ይዘጋል። ስለዚህ የአፕ ታክሲ ሹፌሩ ነጥቡ ጋ ሲደርስ ደውሎ «ከወፍጮ ቤቱ በላይ ነው በታች?» ይላል። ምልክት አስተሳስሮ መሄድ ያላወቀ እዚያ ይቀራል። መለማመድ ለሚፈልግ፦ ከመነሳት በፊት ካርታውን ሰሜን ወደ ላይ አድርጎ ሙሉ መንገዱን አንዴ ማየት፣ ሦስት ማዞሪያዎችን በምልክት መያዝ፣ ድምፁን ማጥፋት። ካርታው ወደሚሄዱበት አቅጣጫ እየተሽከረከረ ሲመራ ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚማሩት፣ አካባቢውን አይማሩም። ሲሄዱ በካርታ ከሆነ ሲመለሱ ያለ ካርታ።

ሲስተር ለገጣፎ

ሁላችሁም ስለ ተማሪ ነው የምታወሩት። ጥያቄው «ከሕፃንነት እስከ እርጅና» ስለሚል ሁለቱን ጫፍ ልሙላ።

ሕፃናት፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ1 ዓመት በታች ስክሪን ጭራሽ እንዳይኖር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይላል። ምክንያቱ «ጨረር» አይደለም። ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን የቻይንኛ ድምፆች አስሰሟቸው፤ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የተጫወተላቸው ድምፆቹን መለየት ቻሉ። ያንኑ ሰው በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። ስለዚህ አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ተብሎ ዩቲዩብ የሚከፈትለት የ9 ወር ልጅ ቋንቋ አይጨምርም፤ ከሞግዚቷ ወይም ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ሰዓት ግን ያጣል።

አረጋውያን፦ እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ቤንጅና ስከሊን በ2025 57 ጥናቶችን፣ ከ411,000 በላይ አረጋውያንን አጠቃለው፣ ኮምፒውተር፣ ስልክና ኢንተርኔት የሚጠቀሙት የማሰብና የማስታወስ ችሎታ መዳከም የሚታይባቸው ዕድል በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። «ዲጂታል መርሳት» የሚባለው ግምት በዚህ ዕድሜ አልተደገፈም።

ሚዛን

ሲስተር፣ አንድ ማሳሰቢያ። አእምሮው ደህና የሆነ ሰው ነው ስልክ መጠቀም የሚቀጥለው፤ መርሳት የጀመረው ቀድሞ ይተወዋል። የትምህርትና የገቢ ልዩነት በስሌት ቢስተካከልም ይህ ሙሉ በሙሉ አይወገድም።

ሲስተር ለገጣፎ

ልክ ነው፣ ስለዚህ መድኃኒት ነው አላልኩም። ሊያስፈራን አይገባም ነው። እንዲያውም እነዚህ ሰዎች ስሌቱንም፣ ማንበቡንም፣ መንገዱንም ያለ ስልክ የተማሩ ናቸው፤ መምህር ሀሁ ያሉት «መቼ» እዚህም ይሠራል። አሁን ያለው የ3 ዓመት ልጅ 70 ሲሞላው በዚያ ቁጥር ሊመዘን አይችልም። ለአረጋዊ በተግባር የሚጠቅመው፦ የመድኃኒት ሰዓት ማንቂያ ስልክ ላይ መሙላት፣ ድምፁ ከጥሪው የተለየ እንዲሆን፤ ለልጅ በቪዲዮ መደወል ለብቻቸው እስኪችሉት ማለማመድ። የምንሳሳተው እኛ ስልኩን ተቀብለን ስንደውልላቸው ነው።

እንቅልፍን ለደንቡ ጨምሩልኝ። በ2015 በ12 ሰዎች ላይ በተሠራ ሙከራ፣ ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ከሚያበራ ስክሪን ያነበቡት ከወረቀት ካነበቡት ወደ 10 ደቂቃ ዘግይተው ተኙ፣ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞናቸውም ወረደ። ብርሃኑ ያን ያህል ነው። ትልቁን እንቅልፍ የሚበላው ማቋረጥ አለመቻሉ ነው። ክፍሉ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ፤ የዕለቱ ትምህርት የሚረጋው በእንቅልፍ ነው።

ኮዬ ማስጠኛ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያልተመለሰ አለ፦ ፒዲኤፍ ወይስ ወረቀት? ሁሉን ማሳተም አይቻልም።

ሀሁ ከአባዶ

ዴልጋዶና ባልደረቦቹ በ2018 54 ጥናቶችን፣ ከ170,000 በላይ አንባቢዎችን ሰብስበዋል። ወረቀት ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን መጠነኛ ነው። ትርፉ የሚታየው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ጊዜ ሲገደብና ጽሑፉ መረጃ ሲሆን። ትረካ ሲሆን ልዩነት አልታየም። «ልጆቹ ስክሪን ሲለምዱ ይጠፋል» የሚለው ተስፋም አልተደገፈም፤ ከ2000 እስከ 2017 ባሉት ጥናቶች ክፍተቱ እንዲያውም ሰፍቷል። ከምክንያቶቹ አንዱን አከርማንና ጎልድስሚዝ በ2011 አሳይተዋል፤ በስክሪን የሚያነብ ሰው «ገብቶኛል» ብሎ ቀድሞ ያቆማል። ለዚህ ፈውሱ ያው ባዶ ወረቀቱ ነው፤ መግባቱን አለመግባቱን ያጋልጣል።

የሚታተመውን ምረጡ። ባዮሎጂ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ብዙ ጽሑፍ ያለባቸው ይታተሙ። 30 ገጽ ያለው ምዕራፍ በአንድ ፊት ሁለት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ ሲሆን 8 ወረቀት ነው። ሁለት ልጅ አንድ ይጋራ። የሂሳብ መልመጃ በስልክ ቢሆን ግድ የለም፤ ሥራው ደብተር ላይ ነውና። 12ኛ ክፍሎች ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ ፈተና በስክሪን፣ በሰዓት ይለማመዱ፤ በፈተና ቀን ስክሪን እንግዳ እንዳይሆንባቸው።

ትንንሽ እህት ወንድም ይዘው የሚመጡ ካሉ፦ ፊደል በታብሌት አይቁጠሩ። በ2005 ሎንካምፕና ባልደረቦቿ ከ3 እስከ 5 ዓመት ካሉት ተለቅ ያሉት በእጅ የጻፉትን ፊደል በኪቦርድ ከመቱት በተሻለ እንደሚለዩ አሳይተዋል። የእኛ 231 ፊደል በዚህ ይጠቀማል፤ ካዕብ ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ላይ ቅጥያ እንደሚወጣበት እጅ ሲጽፈው ነው የሚያውቀው። እንደ «ሩ» ያሉት አፈንጋጮች በኋላ ለብቻ ይምጡ።

ገመድ አልባ

ኢንተርኔት ሳይኖር ማመሳከሪያ ከፈለጋችሁ፦ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኪዊክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ዊኪፔዲያን አንዴ አውርዱት። ሥዕል የሌለበት የእንግሊዝኛው ብቻ ከ40 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሌሊት ይውረድ። የፋይሉ መጠን ከ4 ጊጋ ስለሚበልጥ ፎርማቱ ፋት32 በሆነ ፍላሽ አይገለበጥም፤ የፍላሹ ፎርማት ወደ ኤክስፋት ይለወጥ። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ነው። ስልኮቹ ከላፕቶፑ እንዲያነቡ ሲገናኙ የዊንዶውስ ሆትስፖት ከ8 ስልክ በላይ አያስገባም፣ ስለዚህ ርካሽ ራውተር በኬብል ይገናኝ፤ ራውተሩ 12 ቮልት ከሆነ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ ይሠራል። ልጁ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ወደ ቲክቶክ ግን መውጫ የለም።

ኮዬ ማስጠኛ

ረቂቁ ይኸው፤ አርሙት። ስልክ ለፒዲኤፍ ብቻ፣ ኤርፕሌን ሞድ ሆኖና ተቸንክሮ ይገባል። ሌላው በር ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ሰዓት ያለ ምንም ቦት። ሁለተኛው ሰዓት አንድ ላፕቶፕ ላይ፣ የደከመበትን ወረቀት ላሳየ ብቻ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል መዝጊያ። ወረቀቶቹ ምዕራፍ ምዕራፋቸው ተለይተው መደርደሪያ ላይ።

ሚዛን

ክለሳው «በማግስቱ» ብቻ አይሁን። ሴፔዳና ባልደረቦቹ በ2008 ከ1,350 በላይ ሰዎች ላይ እንዳዩት፣ ፈተናው ከሳምንት በኋላ ሲሆን በመጀመሪያው ጥናትና በክለሳው መካከል የ1 ቀን ክፍተት፣ ከ35 ቀን በኋላ ሲሆን የ11፣ ከ70 ቀን በኋላ ሲሆን የ21 ቀን ክፍተት የተሻለ ያዘ። ለዓመቱ ፈተና በየ3 ሳምንቱ የሚመለስ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ሰፈርተኛ

በር ላይ የሚቀሩትን ማን ይጠብቃል? 40 ስልክ በአንድ ቅርጫት ከሆነ መውጫው ላይ ግርግር ነው። ደግሞ እናት ብትደውልስ?

ገመድ አልባ

ቅርጫት አይሁን፣ ስልክ ላይ ስልክ ሲደራረብ ስክሪን ይሰነጠቃል። ከሸራ የተሰፋ፣ ከ1 እስከ 40 ቁጥር ያለው ባለኪስ ማንጠልጠያ በቂ ነው፤ የኪሱ ቁጥር ከወንበሩ ቁጥር ጋር አንድ ይሁን። ሁሉም አጥፍቶ ያስቀምጥ። ለወላጅ አንድ የክፍሉ ስልክ ይኑር፣ ቁጥሩ በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ።

ኮዬ ማስጠኛ

ማንጠልጠያውን የሚሰፋ ሰው ቱሉ ዲምቱ ገበያ አለ ብለውኛል። የክፍሉን ስልክ ማን ይይዛል የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ መምጣት የምትችሉ ኑ።